ሁለተኛው ዙር

መምህር ወልደአማኑኤል ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አንስቶ ሲገለብጠው የክፍሉ ጫጫታ ፀጥ ይላል። ጠርዙ የተበላ ቡናማ ባርኔጣ ነው። ውስጡ ሁለት የተጠቀለሉ ወረቀቶች ይጥልበታል፤ አንዱ ላይ «አለበት»፣ ሌላው ላይ «የለበትም» ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ተከራካሪዎች እጃቸውን ይሰዳሉ፤ የደረሳቸውን ይይዛሉ። ይኼ ለእኔ አይሆንም፣ ይቀየርልኝ ብሎ ነገር የለም። ከተማ ይሻላል ገጠር፣ ሴት ልጅ በስንት ዓመቷ ታግባ፣ ተማሪ ፀጉሩን ያሳድግ ወይስ ይቆረጥ፤ መቀሌ አጠገብ ባለችው በቁሓ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዘንድ በዚያ ባርኔጣ ያላለፈ ጉዳይ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

አንድ ሌላ ሕግም ነበረው፤ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቀው ሕግ። ክርክሩ ሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር «አለበት» ያለ፣ በሁለተኛው ዙር ዞሮ «የለበትም» ብሎ ይከራከራል። ባላጋራውም እንዲሁ። ሁለተኛው ዙር ካልተካሄደ ክርክሩ አላለቀም፤ ነጥብ የለም፤ ጭብጨባም ቢሆን ብድር ነው ይላል።

ይህን ከአባቱ ነው የወረሰው። አባቱ በትውልድ አገሩ በወረኢሉ ስመ ጥር ነገረ ፈጅ ነበሩ። ጠዋት ለበሬው ባለቤት ይሟገታሉ፤ ከሰዓት በሬው ማሳውን ለበላበት ሰው ይሟገታሉ፤ ሲመሽ ከሁለቱም ጋር ጠላ ይጠጣሉ። ልጅየው ይህን እያየ አደገና ቃል እንደ ካፖርት የሚለበስና የሚወልቅ ነገር መሰለው። ወረኢሉ ውስጥ ይኼ ማንንም አይጎዳ ይሆናል። ቁሓ ግን ሌላ ነው። ቁሓ ውስጥ ሰው ፊት ቆመህ ያልከው ነገር አንተው ነህ። ወልደአማኑኤል ይህን ለማወቅ ከበቂ በላይ ጊዜ ነበረው፤ የሰው ልጅ ግን የሚያውቀውን ሁሉ ማወቅ አይፈልግም።

በደርግ ጊዜ ነበር ተመድቦ የመጣው። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ» ብሎ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዞ ወረደ። ከዚያ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የምትሠራ ኣስካል የምትባል ልጅ አየ፤ ሻንጣው አልጋ ሥር ገብቶ እዚያው ቀረ። ሠራዊቱ መቀሌን ለቆ ሲወጣ ከደቡብ የመጡት ባልደረቦቹ እግሬ አውጪኝ ብለው መኪና ላይ ሲንጠለጠሉ፣ እርሱ ስምንት ዓመት የሆነውን ልጁን ቴድሮስን ኩፍኝ ይዞት በእርጥብ ጨርቅ ግንባሩን ያብስ ነበር። ቀረ። በመቅረቱም የሰፈሩ ሰው ወደደው። «እቲ ኣምሓራይ» ይሉታል፤ አማራው ማለታቸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በፍቅር ነው የሚሉት። ይህቺ «አብዛኛውን ጊዜ» የምታበቃበት ቀን እንዳትመጣ እየተጠነቀቀ ኖረ። ትግርኛውን ጉሮሮው ባይታዘዘውም አጥብቆ ተማረ። ኃይለኛ ክርክር የሚወድ ሰው፣ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ግን በማንኛውም ነገር የማይከራከር ሰው ሆነ።

የድንበሩ ጦርነት በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ጀመረ። አውሮፕላኖች መጥተው ከደበደቡ በኋላ ተማሪዎች ክረምቱን በሙሉ በትምህርት ቤቱ አጥር ዳር መደበቂያ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ከረሙ። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ሰማይ ላይ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አስተማሪውም ተማሪውም ቀና ይላል። በ1991 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ደግሞ ሓድጉ የሚባል የምልመላ ኃላፊ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። የድሮ ታጋይ ነው፤ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለም፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰውን ሲያዳምጥ ዓይኑን የማይነቅል ሰው ነው። መምህራኑን ሰብስቦ አሳቡን ነገራቸው። መመዝገቢያውን ጠረጴዛ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በሰንደቅ ዓላማው ሥር ማድረግ ይፈልጋል።

መምህራኑ ተጨቃጨቁ። የሒሳቡ መምህር ሃይላይ ተነስቶ፣ «የሚሄድ ልጅ ወደ ቀበሌው፣ ወደ ጣብያ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይመዝገብ። ትምህርት ቤት ግን ልጅ ሲላክ ወላጁ ለእኛ የሰጠን አደራ ነው» አለ። ሌላዋ መምህርት ደግሞ፣ «አገር ስትወረር ትምህርት ቤት ደሴት ነው እንዴ? ለልጆቹ እዚሁ ፊት ለፊት ቢነገራቸው ምን አለበት?» ብላ መለሰች። ነገሩ ሲጋጋል ሓድጉ ወደ ጥግ ተመለከተ።

«መምህር ወልደአማኑኤል ከ? እንታይ ይብሉ? ምን ይላሉ? እርስዎ የክርክር ሰው ነዎት ይሉኛል።»

በመላው ወረዳ በምላሱ የታወቀው ሰው ተነሳ። አሳቡ ግልጽ ነበር፤ ጠረጴዛው ግቢው ውስጥ እንዲገባ አይፈልግም። በደርግ ጊዜ ልጆች ከመንገድ እየታፈሱ ሲጫኑ በዓይኑ አይቷል። ይኼኛው አፈሳ እንዳልሆነም ያውቃል፤ በፈቃድ ነው። ግን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ጓደኞቹ እያዩት የሚሰጠው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው? ይህን ማለት ፈለገ። ሃይላይ ሲለው እንደተሰማው ግን እርሱ ሲለው እንደማይሰማ አሰበ። እቲ ኣምሓራይ ልጆቻችን እንዳይዘምቱ ከለከለ ይባላል።

«እኔ የብዙኃኑን አሳብ እደግፋለሁ» አለና ተቀመጠ። ሃይላይ ዞር ብሎ አየው።

ያን ያልተናገረውን ነገር ግን ሆዱ ውስጥ ሊያሳድረው አልቻለም። ሁለት ቀን አሰበና ጉዳዩን ባርኔጣው ውስጥ ጣለው። የወሩ የአደባባይ ክርክር ርእስ እንዲህ ተባለ፤ የጦር ሠራዊት ምልመላ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ መካሄድ አለበት ወይስ የለበትም? እኔ ያልደፈርኩትን ልጆቹ ይበሉት ማለቱ ነበር። ፈሪ ሰው ብልጥ ነኝ ሲል የሚሠራው እንዲህ ያለውን ነው።

ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ተሰበሰበ። ሓድጉም ተጋብዞ ከርዕሰ መምህሩ አጠገብ ተቀመጠ። ተከራካሪዎቹ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ናቸው። አንዷ ፊዮሪ ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጭነት የሚያወርድ ገብረሃንስ የሚባል ሰው ልጅ። ምላሷ ጤፍ ይቆላል፤ ተከራክሯት ያሸነፈ ሰው አልተገኘም። ሌላው የራሱ የወልደአማኑኤል ልጅ ቴድሮስ ነው። ቴድሮስ ዝምተኛ ነበር፤ ሰው ፊት ሲቆም ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ የአያቱ የነገረ ፈጁ ደም ይነሳበታል።

ቴድሮስ ቀድሞ እጁን ሰደደ። ወረቀቱን ፈትቶ ለአባቱ አሳየው። «አለበት» ይላል። ወልደአማኑኤል ሁለተኛ ዙር አለ ብሎ ራሱን አጽናና።

ልጁ ተናገረ። በአማርኛ ነበር፤ አንዳንድ ቦታ የእናቱ ቋንቋ እየተቀላቀለበት፣ ሐውን ከጉሮሮው እያወጣ። ከበረሃ ስላልተመለሰው የእናቱ ወንድም ስለ ኣታኽልቲ አነሳ፤ ሳሎን ውስጥ ፎቶው የተሰቀለውን አጎቱን። አጎቴ ደብተሩን ዴስኩ ላይ ትቶ ነው የወጣው አለ። ግቢው ፀጥ አለ። ፀጥታው ጣመው፤ አባቱ ከፊቱ አነበበበት። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጠረጴዛው እዚህ ከመጣ፣ መጀመሪያ ፊቱ የምቆመው እኔ ነኝ!» አለ።

ጭብጨባው ቆርቆሮውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። ሓድጉ አላጨበጨበም፤ ልጁን ብቻ ተመለከተ።

ፊዮሪ ተነስታ «የለበትም» ብላ በደንብ ተከራከረች፤ ሰው ግን ገና በቴድሮስ ቃል ሞቆ ነበርና በግማሽ ጆሮ ሰማት። ወልደአማኑኤል ባርኔጣውን አንስቶ «አሁን ሁለተኛ ዙር፤ ጎን ቀይሩ» ሊል አፉን ሲከፍት ሰማዩ አጉረመረመ። አንድ ሰው ጮኸ። ግቢው በአንድ ጊዜ ተተረተረና ሁሉም ወደ ጉድጓዶቹ ሮጠ። ለማረፍ የመጣ የጭነት አውሮፕላን ነበር። ይህ እስኪታወቅ ግን ግማሹ ተማሪ አጥር ዘሎ ቤቱ ደርሷል፤ ግማሹ አቧራ ለብሶ ይሳሳቃል። ክርክሩ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቴድሮስ ስም ተለወጠ። «ቀዳማይ» አሉት፤ አንደኛው ማለት ነው። ሱቅ ሲላክ «ቀዳማይ መጣ» ይሉታል። ኳስ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያቀብሉት «ቀዳማይ፣ ያንተ ናት!» ይሉታል። ሴቶች ልጆች በአጠገቡ ሲያልፉ ቀስ ብለው ይሉታል፤ ያ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነበር። በሳምንቱ ውሳኔው መጣ። ጠረጴዛው ሐሙስ ዕለት ሰንደቅ ዓላማው ሥር ይቆማል ተባለ።

ማክሰኞ ምሳ ላይ ቴድሮስ እጁን ከገበታው አነሳ።

«ሐሙስ እመዘገባለሁ» አለ።

ኣስካል የያዘችውን ጭልፋ ድስቱ ውስጥ መልሳ አስቀመጠችው። ወልደአማኑኤል ለመሳቅ ሞከረ።

«ቴዲ፣ ያ እኮ ልምምድ ነው። ዕጣ ነው ያናገረህ። ‹የለበትም› ቢደርስህ ‹የለበትም› ትል ነበር።»

«እሱ ለአንተ ነው፣ አባዬ። ለእኔ ዕጣ አይደለም። ስሜን ጠርቼ ‹እኔ› ብያለሁ።»

«መሄድ ትፈልጋለህ?»

ልጁ አባቱን ሲቆጣ ወደ ትግርኛ ይሸሻል፤ አባቱ የማይከተለው ወደሚመስለው ቤት። «ቃለይ እዩ» አለ፤ ቃሌ ነው። ተነስቶም ወጣ።

ወልደአማኑኤል ሚስቱን አያት። ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ፤ ወይም ታለቅሳለች። ኣስካል ግን ዓይኗ ደርቆ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የወንድሟን ፎቶ ታይ ነበር።

«ወንድሜን ማንም አላናገረውም» አለች በመጨረሻ። «አስቦ አስቦ፣ እናቴን ስሞ ነው የሄደው። ልጄም አስቦ ቢሄድ እንባዬን ውጬ እሸኘው ነበር። ይኼ ግን አላሰበም፤ ጭብጨባ ነው የወሰደው። ወልዴ፣ አንተ ነህ ያናገርከው። ባናገርክበት አፍ መልሰው።»

ያን ቀን ከሰዓት ክፍል ገብቶ ምን እንዳስተማረ አያውቅም። ልጁን ቤት ውስጥ መቆለፍ አይችልም። ወደ ወረኢሉ መላክም አይችልም፤ ቁሓ ውስጥ «እቲ ኣምሓራይ ልጁን አሸሸ» ቢባል እርሱ ይችለዋል፣ ቴድሮስ ግን በሕይወቱ ቀና ብሎ አይሄድም። ልጁን ያሰረው ቃል ነው፤ የሚፈታውም ቃል ብቻ ነው፤ ያም ሰው ፊት የተባለ። ይህን ሲያሰላስል ነው ያ ያልተካሄደው ሁለተኛ ዙር ትዝ ያለው። ከደስታው ብዛት ጠመኔው ከእጁ ወደቀ።

ረቡዕ ጠዋት ሓድጉን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አገኘው። እንደ ቀድሞው አልፈራም፤ ሰው ለልጁ ሲሆን ፍርሃቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያገኛል።

«አቶ ሓድጉ፣ የዓርቡ ክርክር አላለቀም። ሕጋችን ሁለት ዙር ነው። ጠረጴዛው ከመከፈቱ በፊት ሁለተኛው ዙር ይካሄድልኝ።»

ሓድጉ ጣት በጎደላት ግራ እጁ አገጩን ዳሰሰ። «በሁለተኛው ዙር ልጅህ ‹የለበትም› ነው የሚለው።»

«አዎ።»

«ኣየ፣ መምህር!» ሓድጉ ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ክፋት አልነበረበትም። «በረሃ ሳለን እኛም እንዲህ ስንገማገም ነው የምንውለው። እሺ፣ ይሁን። የተጀመረ ነገር ይጨረስ። ግን እንደ ሕጉ ሁለቱም ይናገሩ። ልጅቷም ትናገር።»

«ምን ጥያቄ አለው!» አለ ወልደአማኑኤል። እየተቻኮለ አመስግኖ ወጣ። ስለ ልጅቷ ያሰበው ይህችን ታህል ነው።

ቴድሮስ መጀመሪያ እምቢ አለ። ይስቁብኛል አለ። አባቱ ግን የት እንደሚነካው ያውቃል።

«አንዱን ጎን ብቻ የሚያውቅ ተከራካሪ ሁለቱንም አያውቅም። ተናገርና ከዚያ ብትፈልግ ሂድ፤ አልይዝህም። ግን ዙሩን ጨርስ።»

ልጁ «እሺ» ሲል ግን ወልደአማኑኤል ድምፁ ውስጥ አንዳች ነገር ሲላላ ሰማ፤ ታስሮ የቆየ ሰው ገመዱ አንድ ዙር ሲፈታለት እንደሚሆነው።

ሐሙስ መጣ። ጠረጴዛው ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ አንድ መዝገብ፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ነፋስ እንዳይገልጠው መዝገቡ ላይ የተጫነ ድንጋይ። ተማሪው ክብ ሠርቶ ቆመ። ከኋላ አንዳንድ ወላጆች መጥተዋል፤ ኣስካል የሥራ ጋዋኗን ሳታወልቅ ከአጥሩ ጋር ተጣብቃ ቆማለች። ቴድሮስ ወደ ማይኩ ሲመጣ «ቀዳማይ! ቀዳማይ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ወልደአማኑኤል ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ሳያውቀው ጠርዙን ይበላ ነበር።

ቴድሮስ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀ።

«ዓርብ ዕለት መጀመሪያ እቆማለሁ ብያችሁ ነበር» አለ። «ለምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። አስቤ አይደለም። ስላጨበጨባችሁ ነው።»

ሳቅ ተነስቶ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«እዚህ ግቢ ውስጥ፣ እናንተ ፊት፣ እምቢ ማለት የሚችል ማን ነው? እስቲ እጁን ያውጣ። እኔ አልችልም። ስለዚህ ይኼ ጠረጴዛ እዚህ ሲቆም የሚጠይቀኝ አገሬን እወድ እንደሆነ አይደለም፤ ጓደኞቼን እፈራ እንደሆነ ነው። አጎቴ ኣታኽልቲ ሲሄድ ማንም አላጨበጨበለትም። ብቻውን አስቦ፣ እናቱን ስሞ ነው የሄደው። ጠረጴዛው ጣብያ ይሁን። ሰው ብቻውን ይሂድበት፤ ብቻውንም ይመለስበት። እዚህ ግን መኖር የለበትም።»

ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ ያሉ እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሲያደርጉ ታዩ። ከልጆቹ መካከል ብዙዎቹ መሬት መሬት ያያሉ፤ አንድ ሰው ግን «ሓቁ እዩ» አለ፤ እውነቱን ነው። ከዚያ ሌላም አለ። ቴድሮስ ወደ ቦታው ሲመለስ «ቀዳማይ» ያለው አልነበረም። ወልደአማኑኤል ወደ አጥሩ ሲያይ ኣስካል በመዳፏ ፊቷን ሸፍናለች። ተፈታ፣ አለ በልቡ፤ ልጄ ተፈታ። ተመስገን እያለ ለመሄድ ሁሉ ተነሳስቶ ነበር። ሁለተኛ ተናጋሪ መኖሩን ያስታወሰው ፊዮሪ ማይኩን ስታስተካክል ነው።

ፊዮሪ እንደ ወትሮዋ አልፈጠነችም።

«ቴድሮስ ያለው ሁሉ እውነት ነው» ብላ ጀመረች። «ጓደኞቹን ፈርቶ መሄድ ደግ አይደለም። ግን ጠረጴዛው ጣብያ ሲሆን ማን እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? ወንድሜ ሄዷል። ስምንተኛ ክፍል ወድቆ ነው ከአባቴ ጋር ጭነት ሲያወርድ የነበረው። እርሱ ሲሄድ ማንም አልተከራከረለትም። አደራ ነው ያለ መምህር አልነበረውም። ጠረጴዛው ወደ ግቢያችን ይግባ አይግባ እያልን ሁለት ሳምንት ስንጨቃጨቅ፣ ወንድሜ ምሽግ ውስጥ ነው።»

ወልደአማኑኤል ባርኔጣውን ከአፉ አወረደ።

«ይኼ አጥር ጠረጴዛውን ካስቀረ፣ ጦርነት ፈተና የወደቀ ሰው ሥራ ይሆናል። የተማረ ይከራከራል፤ ያልተማረ ይሄዳል። ስለዚህ ጠረጴዛው እዚህ መኖር አለበት። እኛም እንድናየው፤ እኛም እንድናፍር።»

ንግግሯ አልቆ ነበር፤ ወደ ቦታዋ መመለስ ብቻ ነው የቀራት። ወልደአማኑኤል እንድትመለስ በዓይኑ ለመናት። ፊዮሪ ተመለከተችው። የዚያን ጊዜ ዓይኗ ውስጥ ያየውን እስከ መጨረሻው ድረስ መፍታት አልቻለም፤ ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ነገር የገባት ሰው ዓይን ነበር። ሁለተኛው ዙር ለማን እንደተጠራ ገብቷታል። ዘወር አለችና ከማይኩ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

ለክርክሩ ማሳመሪያ መሰለው። ጠረጴዛውን ነክታ ትመለሳለች ብሎ ጠበቀ። ድንጋዩን ከመዝገቡ ላይ ስታነሳ ግን «ፊዮሪ!» ብሎ ጮኸ።

ሓድጉ ራሱ ደንግጦ ከወንበሩ ተነሳ። እጁን መዝገቡ ላይ አደረገ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ቆዪ እስቲ። እኛ የምንፈልገው ወንዶቹን ነው።»

«በረሃ ሴት አልነበረችም?» አለችው ፊዮሪ።

ከሓድጉ ጎን ስንት ሴቶች እንደወደቁ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። ሁለት ጣት የጎደላትን እጁን ከመዝገቡ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። ፊዮሪ ስሟንና የአባቷን ስም ጻፈች። ከኋላዋ አንድ ልጅ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሰልፍ ሆነ። ቴድሮስ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ወልደአማኑኤል ክንዱን ለቀም አደረገው፤ መያዙ ግን አላስፈለገም። ልጁ አንድ እርምጃ ተራምዶ ቆመ። እዚህ ግቢ ውስጥ መኖር የለበትም ያለው ጠረጴዛ ጋ ምን ብሎ ይሂድ? ቃሉ ይዞታል። ሰልፉ በፊቱ ሲያልፍ፣ ኳስ አብረውት የሚጫወቱ ልጆች በፊቱ ሲያልፉ፣ ቆሞ ጫማውን አየ። አባቱም ክንዱን እንደያዘ ከጎኑ ቆሞ ቀረ።

መኪናው እሑድ ጠዋት መጣ። ቁሓ ወጥታ ሸኘቻቸው። ቴድሮስ አልወጣም፤ ኣስካል ወጥታ ፊዮሪን አቅፋ ብዙ አለቀሰች፤ ወልደአማኑኤል ከሰው ኋላ ቆሞ ሊሰናበታት ሲጠጋ መኪናው ተነሳ። ፊዮሪ አየችው መሰለው። ብቻ እጇን ያወዛወዘችው ለብዙ ሰው ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት አካባቢ የመምህሩ ቤት የግቢ በር ተንኳኳ። ወልደአማኑኤል ራሱ ወጥቶ ከፈተ። የፊዮሪ አባት ገብረሃንስ ነው። ከሥራ መምጣቱ ነው፤ ትከሻው ላይ የጆንያ አቧራ አለ። ወልደአማኑኤል ሰላምታ ለመስጠት ጎንበስ ሲል ይሰድበኛል፣ ይገባኛልም ብሎ ተዘጋጀ። ስድቡን ለመቀበል እንዲያውም ጓጉቶ ነበር።

«ደሓን ዲኹም፣ መምህር» አለ ገብረሃንስ። «ይግቡ አይበሉኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው።»

«ይጠይቁኝ፣ አቶ ገብረሃንስ።»

ገብረሃንስ አማርኛውን ከሾፌሮች ነው የለመደው፤ መምህር ፊት ሲናገረው ያፍርበታል።

«እኔ ትምህርት አልገባሁም፣ አላውቅም። ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ። እርስዎ ዘንድ ሕግ አለ አሉኝ። ልጅ አንድ ነገር ሲል፣ ቆይቶ ደግሞ ሌላውን ይላል አሉኝ። ልጅዎ ‹እሄዳለሁ› ብሎ ነበር፤ በሁለተኛው ዙር ሌላ ብሎ ቀረ አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ ወልደአማኑኤል።

«ጥሩ ሕግ ነው» አለ ገብረሃንስ። ከልቡ ነበር። ቆቡን ከራሱ አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው። «ለጓለይ ደግሞ ሦስተኛ ዙር የለዎትም፣ መምህር? አንድ ልጄ ምሽግ ነው ያለው። እርሷ እንኳ ተመልሳ ሌላውን ብትል።»

ወልደአማኑኤል በሕይወቱ ሙሉ ለማንኛውም ነገር መልስ ነበረው፤ ለ«አለበት»ም ለ«የለበትም»ም።

«የለም፣ አቶ ገብረሃንስ» አለ። «ሁለት ብቻ ነው።»

ገብረሃንስ ራሱን ነቀነቀ። ቢሮው ተዘግቷል እንደተባለ ባለጉዳይ አመስግኖ ቆቡን አጠለቀ። ሊሄድ ሲዞር ከቤቱ ውስጥ የኣስካል ድምፅ ተሰማ፤ «ቴድሮስ፣ ወደይ፣ ልጄ! ና ምሳህን ብላ፣ ቀዘቀዘብህ።» ገብረሃንስ አንድ እግሩ ደፍ ላይ እንዳለ ቆመ። ልጁ ከጓዳ «መጣሁ» ሲል እስኪሰማ ድረስ ቆሞ አዳመጠ፤ ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ከኋላው ዘግቶ ሄደ።